ለሳሎንም ለድንኳንም የሚሆን አንድ ሳጥን የለም

ጥያቄ፦ «የባሕር ዳር ፖሊ ተማሪ ነኝ። ከአሮጌ ሞንታርቦ የወጡ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች አሉኝ። ጀርባቸው ላይ 500 ዋት፣ 8 ኦም ይላል። በቴስተር ስለካቸው ግን 6 ነው የሚያሳዩት። ተቃጥለው ይሆን? ሳጥን ላሠራላቸው አስቤያለሁ። ሳሎናችን 4 በ4 ነው፤ የብሎኬት ቤት፣ ወለሉ ሴራሚክ። በኋላ ደግሞ ለወንድሜ ሠርግ ድንኳን ውስጥ እንዲያገለግሉኝ እፈልጋለሁ። አናጢው ‹ቀጭን ኮምፔንሳቶ ይሻላል፣ እንደ ክራር ያስተጋባል› ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ሳጥኑ በተለቀ ቁጥር ቤዙ ይጨምራል፣ ፊቱ ላይ ቀዳዳ ይኑረው ባይ ነው። ስንት በስንት ላስቆርጥ?»

ምላሽ፦ ከቀላሉ ልጀምር። 6 ማሳየቱ ጤነኛ ነው። ቴስተር የሚለካው የኮይሉን ሽቦ ብቻ ነው። 8 ኦም የሚባለው ግን ሙዚቃ ሲያልፍበት ላለው ባሕርይ የተሰጠ የወል ስም ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ከ5 ተኩል እስከ 7 ቢያነብ አይግረምህ። ተቃጥሎ ቢበጠስ ኖሮ ቴስተሩ ጭራሽ አያነብም ነበር። ሌላ ፍተሻ አለ። ኮኑን (ፊቱ ላይ ያለውን የሚንቀጠቀጥ ወረቀት) በሁለቱም እጅህ ጣቶች ከዳር ከዳር እኩል አድርገህ ቀስ ብለህ ጫነው። ያለ ድምፅ ገብቶ ከተመለሰ ደህና ነው። «ክርር» የሚል የመፋቅ ድምፅ ከሰማህ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር እየተፋተገ ነውና በእሱ ላይ ገንዘብ አታውጣ።

500 ዋት የሚለውን ደግሞ እርሳው። ያ ቁጥር ቢበዛ የሚነግርህ ኮይሉ ሳይቃጠል ስንት ሙቀት እንደሚችል ነው። ስለ ጥራት ምንም አይልም። ስለ ጩኸት እንኳ ብዙ አይልም። ጩኸቱን የሚነግርህ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ይሰጣል የሚለው ነው። 94 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ25 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ፣ 88 የሚሰጠው ለማውጣት 100 ዋት ይፈልጋል። ኃይሉን እጥፍ ስታደርግ የምታገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ደግሞ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ጀርባ ላይ ያለውን ዋት እያየ ስፒከር የሚመርጥ ሰው የማይጠቅመውን ቁጥር እያየ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ስንት በስንት» ከማለትህ በፊት «ለምን» ማለት ነበረብህ። ሳጥን የሚነደፈው ከግቡ ተነስቶ ነው። ግቡ ደግሞ ሦስት ነገር ነው፦ ምን ያህል ይጩህ፣ ቤዙ ምን ያህል ዝቅ ይበል፣ ሳጥኑ ምን ያህል ይነስ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። በሙያው የሆፍማን የብረት ሕግ የሚባለው ይኸው ነው። ትንሽ ሳጥን ሆኖ ዝቅ ያለ ቤዝ የሚሰጥ ከፈለግህ፣ በትንሽ ዋት ብዙ መጮሁን ትተዋለህ። መጮኽም ዝቅ ማለትም ካማረህ ሳጥኑ ቁም ሣጥን ያክላል። ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ መውጣት የለም፤ እዚህ ደግሞ ዛፉ ሦስት ነው።

ያንተ ጥያቄ ውስጥ ግጭቱ ፊት ለፊት ይታያል። ሳሎን ውስጥ ከስፒከሩ 2 ሜትር ተኩል ርቀህ ትቀመጣለህ። ግድግዳው ድምፁን ይመልስልሃል። 86 ዴሲቤል የሚሰጥ ተራ የቤት ስፒከር 20 ዋት ሲያገኝ ከበቂ በላይ ነው፤ ጎረቤት በር እስኪያንኳኳ ድረስ ማለቴ ነው። ድንኳን ውስጥ ግን ግድግዳ የለም፤ ሸራ ድምፅ አይመልስም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። 16 ሜትር ላይ 24 ዴሲቤል ጠፍቷል ማለት ነው። በ20 ዋት 1 ሜትር ላይ 99 የሚሰጠው ያው የሳሎን ስፒከር እዚያ ወደ 75 ዴሲቤል ይወርዳል። ሚዜዎቹ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ማን ይሰማዋል? ለዚህ ነው የመድረክ ስፒከር ቀላል ኮን፣ ጠንከር ያለ መወጠሪያ፣ ትልቅ ማግኔት የሚሰጠው። በትንሽ ዋት ብዙ እንዲጮኽ ተብሎ ዝቅ ያለው ቤዝ ተሠውቷል።

ታዲያ እነዚያን ባለ 12 ኢንቾች ሳሎን ውስጥ ብታስገባቸውስ? ሁለት ነገር ያጋጥምሃል። አንደኛ፣ የጠበቅኸው «ድም» የሚል ጥልቅ ቤዝ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ የሚመጣው ደረት የሚመታ ከፍ ያለ ቤዝ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። የ12 ኢንች ኮን የሚሠራው ክፍል ስፋቱ 26 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ከ1,300 ሄርዝ ጀምሮ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ እያጠበበ መላክ ይጀምራል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው የዘፋኙን ቃል አጥርቶ ይሰማል፤ ሶፋው ዳር ላይ ያለው የታፈነ ነገር ይሰማል። ተራ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) ደግሞ እስከ 1,300 ሄርዝ ወርዶ ሊቀበለው አይችልም፤ ይቃጠላል። በመድረክ ሞንታርቦ ላይ ይህን ክፍተት የሚሞላው ቀንድ ያለው ትልቅ ድራይቨር ነው። አንተ ያለህ ግን 12 ኢንቹ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለሳሎኑ ብቻ ንደፍ። ባለ 6 ተኩል ኢንች ዉፈር (ቤዙንና መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) እና ባለ 1 ኢንች ጨርቅ ትዊተር ያለው፣ ባለ ሁለት መንገድ ጥንድ ሥራ። የ6 ተኩል ኢንቹ ኮን መጥበብ የሚጀምረው 2,600 ሄርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ ትዊተሩ በሚመቸው ቦታ ይረከበዋል። ስትገዛ አንድ ነገር ላይ አትደራደር፤ ዳታ ሺት፣ ማለትም የፋብሪካው የልኬት ወረቀት፣ የሌለውን ዉፈር አትግዛ። የምትፈልጋቸው ቁጥሮች የቲል ስሞል መለኪያዎች ይባላሉ። ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 አውስትራሊያ ውስጥ መሠረቱን ጣለ፤ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሟላው። ከእነሱ በፊት ሳጥን በግምትና በሙከራ ነበር የሚሠራው። ዛሬ ኤፍ ኤስ (ኮኑ በራሱ የሚያስተጋባበት ሄርዝ)፣ ኪው ቲ ኤስ (ያ ማስተጋባት ምን ያህል እንደተገታ) እና ቪ ኤ ኤስ (የኮኑን መወጠሪያ ያህል የሚለጠጥ አየር በሊትር) የሚባሉት ሦስት ቁጥሮች በእጅህ ካሉ ሳጥኑን ወረቀት ላይ ትጨርሰዋለህ።

በምሳሌ እንየው። ዉፈርህ ኤፍ ኤስ 40 ሄርዝ፣ ኪው ቲ ኤስ 0.35፣ ቪ ኤ ኤስ 25 ሊትር ነው እንበል። ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ 8 ሊትር ይበቃዋል፤ ቤዙ ግን 80 ሄርዝ ላይ መውረድ ይጀምራል። ቱቦ ያለው ሳጥን ከሠራህለት 18 ሊትር ይፈልጋል፤ ቤዙ ወደ 45 ሄርዝ ይወርዳል። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ሄርዝ ላይ ስለሆነ ልዩነቱ ይሰማል። ጓደኛህ «ቀዳዳ» ያለው ይህን ቱቦ ከሆነ ልክ ነው። ግን ቀዳዳው ዝም ብሎ የሚበሳ ነገር አይደለም። ስፋቱና ርዝመቱ ከሳጥኑ ጋር ካልተሰላ ቤዙ ያገሳል፣ ወይም ኮኑ መያዣ አጥቶ እየተወራጨ ይበላሻል። «በተለቀ ቁጥር» የሚለውም እስከ ልኩ ድረስ ነው። ከልኩ ካለፈ ኮኑን የሚይዘው አየር ይላላና ቤዙ ልፍስፍስ ይላል።

አሁን ደግሞ የሳጥን ልክ የሚያሰሉት ካልኩሌተሮች ብዙ ጊዜ የማይጠይቁህን ልንገርህ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ አካባቢ ነው። ሳጥን ውስጥ የታፈነ አየር ለኮኑ እንደ ሞላ ነው የሚያገለግለው፤ እዚህ ያ ሞላ በአንድ አምስተኛ ይላላል። ስለዚህ ዳታ ሺቱ ላይ ያለውን ቪ ኤ ኤስ በ0.8 አባዛው። 25ቱ ሊትር 20 ይሆናል። 18 ሊትር ያልነው ሳጥንም ወደ 15 ይወርዳል። እንጨት ቆጠብህ ማለት ነው። ቱቦው የሚያስተጋባበት ሄርዝ ግን በከፍታው አይቀየርም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ ግፊትን አይደለም። የሚከፈል ዋጋ ግን አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ስፒከር እዚህ በ1 ተኩል ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ለሳሎን ምንም አይደለም።

እንግዲህ ልኩ። ለ15 ሊትር አየር፣ ስፒከሩና ቱቦው የሚይዙትን 2 ሊትር ጨምረህ 17 ሊትር አስቆርጥ። የውስጥ ልኩ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 34፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲሜትር ይሁን። በ18 ሚሊሜትር ጣውላ ከውጭ 23.6 በ37.6 በ28.6 ይመጣል። ቱቦው ውስጡ 5 ሴንቲሜትር የሆነ የፒቪሲ የውሃ ቧንቧ ነው፤ ርዝመቱ 17 ሴንቲሜትር ገደማ። መጀመሪያ 20 ቁረጠውና እየሰማህ አሳጥረው። ጫፉ ከሳጥኑ የኋላ ጣውላ ጋር ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ይኑረው። ልብ በል፤ ይህ ልክ ከላይ ላሉት ቁጥሮች ብቻ ነው። የገዛኸው ዉፈር ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ሳጥኑም ሌላ ነው። በተለይ ኪው ቲ ኤሱ ከ0.5 ካለፈ ቱቦውን ተወውና ዝግ ሳጥን ሥራለት።

አናጢህን በተመለከተ፣ ሰውዬው ስለ ክራር የተናገረው ትክክል ነው። ችግሩ ስፒከር ክራር አለመሆኑ ነው። የክራር ሳጥን ሥራው መዝፈን ነው። የስፒከር ሳጥን ሥራው ዝም ማለት ነው። ዘፈኑ ተቀርጾ አልቋል፤ ክራሩም ማሲንቆውም ቀረጻው ውስጥ አለ። ሳጥኑ የራሱን ድምፅ ከጨመረበት የሰው ድምፅ በአፍንጫ የሚዘፈን ይመስላል። ስለዚህ 18 ሚሊሜትር፣ ከዚያ በታች አይሆንም። መሃል ላይ ከግድግዳ ግድግዳ የሚይዝ ድጋፍ እንጨት አስገባ። ሳጥኑ ተጣብቆ ሲያልቅ በጣትህ አንጓ ጎኑን አንኳኳው። አጭርና ደረቅ «ጥክ» ካለ ጥሩ ነው። «ዶንንን» ካለ ድጋፍ ጨምር።

ከጣውላዎቹ ኤምዲኤፍ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ጥርት ብሎ ይቆረጣል። ችፕውድም ይሆናል፤ ግን ጠርዙ ላይ ብሎን ሲገባበት ይፈረፈራል። ጥሩ ኮምፔንሳቶ ካገኘህ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ርካሹ ግን በንብርብሮቹ መሃል ባዶ ቦታ ስላለው ይንጫጫል። የሐይቁን ዳር አትርሳ። ኤምዲኤፍም ችፕውድም ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት ጠጥተው ጠርዛቸው ያብጣል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ፣ የቱቦውን ቀዳዳ ዙሪያ ሳይቀር፣ ውሃ በገባው ኮላ ቀብተህ ካደረቅህ በኋላ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ስጠው። ዋንዛ አምሮህ ከሆነ፣ ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን ያልተነባበረ እንጨት በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ይሰፋል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል። ለፊቱ ማስጌጫ ስስ አድርገህ ለጥፈው እንጂ ሳጥኑን በዋንዛ አትሥራ።

አየር ማሾለክ ቤት ውስጥ የተሠራ ስፒከር ዋና በሽታ ነው። ውስጡን መገጣጠሚያ ሁሉ በሲሊኮን ድፈነው፤ ሽታው እስኪጠፋ ግን ስፒከሮቹን አትግጠም። ስፒከሩ ከጣውላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስስ ላስቲክ ያስፈልጋል። ብስክሌት በሞላበት ከተማ ይህ አያስቸግርም፤ አሮጌ ከመነዳሪ ቀዶ ክብ አድርጎ መቁረጥ ነው። ውስጡን ግድግዳ በትራስ ፋይበር አልብሰው፤ የቱቦውን አፍና የዉፈሩን ጀርባ ግን ነጻ ተው። ጥጥ አትጠቅጥቅበት፤ እየተጨመቀ ይወርዳል፣ እርጥበትም ይይዛል። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍም ሲወራ ትሰማለህ። ለቤዝ ምንም አይፈይድም።

ክሮስኦቨሩ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ፣ ቀጭኑን ለትዊተሩ የሚያከፋፍለው ሰሌዳ፣ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ሱቅ ውስጥ «ባለ ሁለት መንገድ፣ 8 ኦም» ተብሎ የሚሸጠው ሰሌዳ ስፒከሩ ሁልጊዜ 8 ኦም ነው ብሎ የተሠራ ነው። ስፒከር ግን እንደዚያ አይደለም፤ ያው ባለ 8 ኦሙ ዉፈር በአንዱ ድምፅ 6፣ በሌላው 30 እና 40 ኦም ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው የተሰላበት ቦታና በትክክል የሚቆርጥበት ቦታ ይለያያል። ትዊተሩ ላይ አንድ ካፓሲተር ብቻ ማድረግም አይበቃም። ዝቅ ያለውን ድምፅ በደንብ ስለማይከለክል ቮልዩም ሲጨመር ትዊተሩ ይሞታል። ሌላም አለ። ፊቱ 23.6 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ከ500 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ ወደ ኋላም ያዞረዋል። ክሮስኦቨሩ ይህን ካላካካሰ ድምፁ ቀጭንና ጯሂ ይሆናል።

ለመጀመሪያ ሥራ ይህን ሁሉ ራስህ አስላ አልልህም። ሌላ ሰው ለክቶ የጨረሰውና ያሳተመው ንድፍ ውሰድ። ስፒከሮቹን፣ የፊቱን ስፋትና የክሮስኦቨሩን ዕቃዎች ልክ ሳትነካ ቅዳው። «ይሄኛው ትዊተር ይረክሳል» ብለህ አንዷን ከቀየርህ ንድፉ ፈረሰ። በራሴ ካልነደፍሁ ካልህ ደግሞ ማይክሮፎን ግዛና አር ኢ ደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም በላፕቶፕህ ለካ። ያለ መለኪያ ክሮስኦቨር መንደፍ አይሆንም። በጆሮ ብቻ ያስተካከልኸው ዛሬ ማታ ጥሩ ሆኖ ነገ ጠዋት ይሰለችሃል።

ስትገጥም አቅጣጫውን ፈትሽ። 1.5 ቮልት የሬዲዮ ድንጋይ ዉፈሩ ላይ ለአፍታ ብታነካው፣ ፖዘቲቩ ከቀዩ ጋር ሲሆን ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከገባ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ትዊተር ላይ ይህን አትሞክር። ሽቦ ስትነካ አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ተነቅሎ ይሁን። ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ማስክ አድርግ፣ ደጅ ቁረጥ። ደካማ አምፕ ጣሪያው ላይ ደርሶ ድምፁ መሰነጣጠቅ ከጀመረ ቮልዩሙን ወዲያው ቀንስ። ትዊተር ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው በዚያ ሰዓት ነው።

ሳሎንህ ራሱ ችግር አለበት። 4 በ4 የሆነ ክፍል በሁለቱም አቅጣጫ እዚያው 43 ሄርዝ ላይ ያስተጋባል። አንዱ የቤዝ ኖታ ሲመጣ ክፍሉ ይነፋል፤ ሌላው ኖታ ይጠፋል። ይህን የትኛውም ሳጥን አያድነውም፤ አቀማመጥ ግን ያለዝበዋል። ስፒከሮቹን ማዕዘን ውስጥ አትወሽቃቸው። ቡፌው ላይም አትጫናቸው፤ ሲኒዎቹ ከዘፈኑ ጋር ይንጫጫሉ። ትዊተሩ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ እኩል በሚሆንበት መቆሚያ ላይ አድርጋቸው። ሴራሚኩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ ይግባ። ቤዙ አሁንም ካገሳ ቱቦው ውስጥ ካልሲ ጠቅልለህ ክተትበት። ሳጥኑ ዝግ ይሆናል፤ ቤዙ ትንሽ ይቀንስና ይጠራል። የ15 ሊትሩ ልክ ለዚህም ይሆናል።

ብርህን ስታከፋፍል ዉፈር፣ ትዊተርና ክሮስኦቨር ይቅደሙ። ቀለሙና ማስጌጫው በሚቀጥለው ዓመትም ይደርሳል።

ባለ 12 ኢንቾቹ ሳይፋቁ ከሠሩ ለሞንታርቦ ጠጋኝ ሽጣቸው፤ ለትዊተሩ መግዣ ይደግፍሃል። ለወንድምህ ሠርግ ሞንታርቦ ከነባለሙያው ተከራይ። ከመብራት ኃይል ሌላ ጄኔሬተር መኖሩንም ቀድመህ ጠይቅ።